ሰሜንን ያየ የቆላ ሰው

በሰሜን ተራሮች፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ስደርስ እግሬ ተብረከረከ። በሦስት ወገን ገደል ነው። ገደሉ ደግሞ እኛ የቆላ ሰዎች ገደል የምንለው ዓይነት አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ግድግዳ ነው! ከታች ቆላው በጭጋግ ተውጧል፤ ከጭጋጉ መሃል አምባዎች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል፤ አንድ ንስር ከእግሬ በታች ቀስ ብሎ ይዞራል። ንስርን ከጀርባው አይቼው አላውቅም ነበር። ቆቦ ላይ ሆነን ሁልጊዜ የምናየው ሆዱን ነው።

እኔ የቆቦ ሰው ነኝ። ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋ ሜዳ፣ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ በሚቆምበት፣ ግመል ከበሬ ጋር ገበያ በሚውልበት አገር ነው ያደግሁት። ለእኔ ተራራ ማለት በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ የሚጠቁረው የላስታ ደጋ ነበር። ተራራ የጎሊናንና የሆርማትን ወንዞች ሞልቶ ጎርፍ የሚሰድልን ነገር ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሰው ለማየት ብቻ ብሎ የሚወጣበት ቦታ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ጥቅምት 2010 ዓ.ም ነው የሄድኩት። ከቆቦ ወልድያ፣ ከዚያ ጋሸና፣ የጉናን ጥግ ይዘን ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ጎንደር፤ ከጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደባርቅ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። የመግቢያውን ከፈልኩ፤ አስጎብኚና ስካውት ተመደበልኝ። ስካውቱ ጋቢያቸውን ደርበው ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ አዛውንት ነበሩ።

«የየት አገር ሰው ነህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የቆቦ ነኝ፣ አባቴ። ከራያ።»

«ቆላ ነዋ! በል እንግዲያው ቀስ እያልክ። እዚህ አገር የሚሮጥ ዋልያ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ሳንቃበር ስንደርስ፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ ራሴን ከሁለት ይፈልጠኝ ጀመር። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፤ ትንፋሼ አይበቃኝም። ሌሊቱን ያገኘሁትን ሁሉ ደርቤ ተኛሁ፤ ያም ሆኖ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ። ግጭ ላይ ያደርን ጊዜ ጠዋት ስነሳ ጓሳው ሁሉ በውርጭ ነጥቷል፤ ማታ ውጭ የተውነው ውሃ ላይ በረዶ ጋግሯል። በረዶን ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ከምድር ተሠርቶ ሲያድር አይቼ የማላውቅ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት።

ከሁሉ በፊት ግን ጭላዳዎቹ! ይህን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፀሐይ ስትሞቅ ሌሊት ከተኙበት የገደል ግድግዳ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንድ፣ ሦስት፣ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠር ታቆማላችሁ፤ መስኩ በሙሉ ጭላዳ ይሆናል። ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በሁለት እጃቸው፣ ልክ የእኛ ሴቶች ጎመን እንደሚቀነጥሱ፣ ፈጠን ፈጠን አድርገው። በዝንጀሮና በጦጣ ወገን ውስጥ ዋና ምግቡን ሣር ያደረገ ሌላ የለም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በዱር አይኖርም። ወንዱ ጎፈሩን ነፋስ ሲያወዛውዝለት፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ሲታይ፣ የጥንት ጀግና ለምድ ለብሶ የተቀመጠ ይመስላል። እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ዝም ብዬ ሰማሁ። ያወራሉ ማለቴ ከልቤ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማሉ፣ ይመላለሳሉ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከእኔ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ሣሯን እየነጨች አለፈች። አላየችኝም ማለት አይቻልም፤ ከቁብ አልቆጠረችኝም።

የጅንባርን ፏፏቴ ድምፅ ሰምተን፣ የአስታውን ዛፍ ጺም መሳይ ሽበት አይተን፣ ወደ ላይ ወጣን። ከፍ ሲሉ ዛፉ ያልቅና ጅብራ ይጀምራል። ጅብራ ሣር ብቻ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ጦር ነው። ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አበባውን ወደ ሰማይ ይተክላል፤ ከዚያም ይደርቃል። የደረቀው ግንድ አጠገብ ገና ትንሹ ጅብራ ቆሟል። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ አስጎብኚው ሁለት ጊዜ ተጣራ።

ዋልያን ያየሁት ጨነቅ ላይ ነው። በብሔራዊ ቡድናችን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ጠርቼዋለሁ፤ ዋልያዎቹ ሲያገቡ ጮኼ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ እንስሳውን ግን በሥዕል እንጂ በአካል አላውቀውም ነበር። ስካውቱ በጣታቸው ሲያመለክቱኝ ለረጅም ጊዜ ድንጋዩን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ የተቆለመመ ቀንድ፣ ቡናማ ጀርባ፣ ነጭ ሆድ፤ እኔ ሳየው ብቻ ጉልበቴን በሚያዝለኝ ገደል ላይ እንደ ደጃፉ ቆሞ ያመነዥካል። በመላው ዓለም በዱር የሚኖረው እዚህ ተራራ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።

አስጎብኚያችን ወጣት ነበር፤ የሚያውቀውን የሚወድ ልጅ። ቧሂት ላይ፣ 4,430 ሜትር ከፍታ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ እጄ ላይ አኖረና፣ «የተቀመጥንበት ሁሉ እሳተ ገሞራ ነበር» አለኝ። እኔ ምንም ነበልባል አላየሁም፤ ጉድጓድ እንኳ የለም። እሱ ግን እየሣለ አስረዳኝ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ አገሩን ንጣፍ በንጣፍ ሸፈነው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ ደግሞ እንደ ጋሻ የተዘረጉ እሳተ ገሞራዎች በቀሉ። ሰሜን ከመጀመሪያዎቹ ነው። ጮቄና ጉጉፍቱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ ጉና ደግሞ ከእነሱም በኋላ ተከተሉ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ቆረጡት፤ ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ አምባ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የቆመው ራስ ደጀን ራሱ፣ የዚያ እሳት ፍራሽ ነው።

ይህን ስሰማ ቆቦ ትዝ አለችኝ። ከከተማችን በምዕራብ ቀጥ ብሎ የቆመው የደጋ ግድግዳ የዚያው የላቫ ንጣፍ አካል ነው! እኛ ያለንበት ሜዳ ደግሞ ምድር ስትሰነጠቅ ሰጥሞ የቀረ፣ ከደጋው ታጥቦ በወረደ አፈር የሞላ ጎድጓዳ ነው፤ ማሽላችንን የሚያሳድገው ጥቁር አፈር የተፈጨ እሳተ ገሞራ ነው። በዞብል ማዶ አፋር ላይ ደግሞ እሳቱ ገና አልበረደም፤ ኤርታሌ ይነዳል፤ ኅዳር 2018 ዓ.ም ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደርሷል። የበረደው እሳት በአንድ ወገን፣ የሚነደው በሌላ ወገን፣ ራያ መሃል!

ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ የጻፈው 12 ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ሰሜን። ላሊበላም የተፈለፈለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ለዚያ ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ተነሥተዋል። ባዶውን ቦታ ሳልፍበት ልቤ ከብዶኛል፤ ያየሁትን ውበት ሁሉ ስናገር የእነሱን ዋጋ ዘልዬ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን ላይ ያለፈውን ጦርነት የቆቦ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቃል። የሄድኩበት መንገድም እንደዚያ ጊዜ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም። እኔ ግን ያቺን ጥቁር ድንጋይ በዓይነ ኅሊናዬ ሳልይዝ ያደርኩበት ሌሊት የለም። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አስቡ፤ ወላጆች፣ ለልጅ ከምትሰጡት ሁሉ ይህን ጨምሩ። መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ወደ ሰሜን ውጡ። የቆላ ሰው ናችሁና ጋቢ ደርቡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ እሜት ጎጎ ስትደርሱም ቁልቁል ተመልከቱ፤ ንስሩን ከጀርባው ታዩታላችሁ።