ፉከራ ያለ ምስክር

«ባህላችን ትሕትና ነው፤ ልጆቻችን ለሥራ ሲጠየቁ ራሳቸውን መግለጽ የሚያቅታቸው ለዚህ ነው» ሲባል መስማት ከጀመርን ሰነባብተናል። ለመሆኑ እውነት ነው? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብሏል። ሸላዩና ፎካሪው የገዛ ስሙንና ግዳዩን ይጠራል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድም ጌራርሳ ባለቤቱ የሠራውን በራሱ አንደበት የሚያወሳበት ዜማ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ራስን ማወደስ አናውቅበትም ማለት ያስቸግራል።

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። ፎካሪው የሚፎክረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው። አብሮት የዘመተው፣ አብሮት ያደነው ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጧል፤ ከዋሸ ይዋረዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በፊታውራሪ መሸሻ የሚያሥቁን በዚሁ ሚዛን ነው። ስለ ጀግንነታቸው አውርተው የማይጠግቡት ሰው በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው ይማረካሉ።

አሁን ደግሞ ከኦጎልቾ ተነሥቶ አሰላ ወይም አዳማ ለቃል ፈተና የቀረበን ወጣት እናስብ። ከፊቱ የተደረደሩት ፈታኞች ቤተሰቡንም መምህሩንም ሥራውንም አያውቁም። ያለ ምስክር ፎክር መባሉ ነው። አንዱ ወጣት «እኔ» ማለት ያሳፍረውና «እኛ ሠራን»፣ ሲብስም «ተሠራ» ይላል፤ ፈታኙም ሠሪው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ያሰናብተዋል። ሌላው «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» እያለ በቃሉ ያጠናውን ያወርደዋል፤ ከእሱ በፊት የገቡትም ይህንኑ ብለዋል። የመጀመሪያው ሥራውን ደበቀ፤ ሁለተኛው ሥራ የሌለው ስም ደረደረ።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በኦጎልቾ ስም የሚጠራ የስንዴ ዝርያ አለ፤ ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ነው። አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት በተለያየ ቦታና ወቅት፣ ቀድሞ ከሚታወቁት ጎን ተዘርቶ ይመዘናል። የሚጻፍለትም በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሰጠና ዋግን እንዴት እንደተቋቋመ ነው። «ግሩም ስንዴ ነው» የሚል ምስክርነት የትም አያደርሰውም።

ያ ወጣትም እንዲህ ይበል፦ «የማኅበራችንን መዝገብ ሁለት ዓመት የያዝሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ጉድለት አልተገኘበትም። ሒሳቡን ያስተማሩኝ የቀድሞው ጸሐፊ ናቸው፤ ሊጠየቁ ይችላሉ።» እዚህ ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። «እኔ» ግን አለ፤ ቁጥር አለ፤ ለባለውለታ የተሰጠ ክብር አለ፤ ከሁሉም በላይ የጠፋው ምስክር ተመልሶ መጥቷል።

ሸክሙን ሁሉ በወጣቱ ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገን ልጅ «በራሱ አይተማመንም» ብሎ የሚጽፍ ፈታኝ፣ የመዘነው ችሎታን ሳይሆን አስተዳደግን ነው። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ለአፍታ ቃል ቢመርጥም ዕውቀት አነሰው ማለት አይደለም። «ለምን እንቅጠርህ?» ከማለት «ምን ሠርተሃል? ማንስ ያውቅልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

ደፋር ተናጋሪውን መርጦ፣ ከስድስት ወር በኋላ «አፉ እንጂ እጁ አይሠራም» እያለ የሚያማርር አለቃ በማን ይፈርዳል? ፉከራ ጠየቀ፤ ፉከራ ተሰጠው።