የበሬው ኑሮና የሥጋው ወረቀት

የዘላቂነት ምስክር ወረቀት የሚመሰክረው በሬው ቆሞ ሳለ ስለኖረው ኑሮ ነው፦ ምን እንደበላ፣ የጋጠው መሬት መራቆቱን ወይም ማገገሙን፣ የወሰደውን መድኃኒት፣ ከበረት እስከ ቄራ የተጓጓዘበትን ሁኔታ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሥጋው ላይ አይነበቡም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ሥጋ ቤት ተሰቅሎ የሚታየው ሥጋ የቄራ ማህተም አርፎበታል። ማህተሙ ከብቱ ተመርምሮ ለምግብነት መፈቀዱን ይናገራል። ደንበኛው «የየት በሬ ነው?» ሲል ግን መልሱ የሚመጣው ከቆራጩ ነው፦ የሐረር ሰንጋ፣ የቦረና፣ የጅሩ። ቆራጩ ጮማውን ያያል፤ ወደ ቢጫ ካደላ እርጥብ ሣር የጋጠ ወይም ዕድሜው የገፋ፣ ከነጣ በበረት የተቀለበ ነው ብሎ ይገምታል። የሠለጠነ ዐይን ነው። የግጦሹ መሬት ምን እንደደረሰበት ግን ከጮማ አይታወቅም።

የምስክር ወረቀት መርማሪ ስለዚህ ሥራውን ከበረት ይጀምራል። ግጦሹን ይዞራል፣ የመኖውን ክምችት ያያል፣ የክትባቱን መዝገብ ከእንስሳቱ የጆሮ ቁጥር ጋር ያመሳክራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ደግሞ ከታኅሣሥ 2020 ማብቂያ ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ያደገ ከብት ሥጋ ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከብቱ የነበረባቸው ቦታዎች ሁሉ በካርታ መጠቆም አለባቸው።

እንዲህ ያሉ መስፈርቶች በአብዛኛው የሚያስቡት ለሥጋ ተብሎ ስለሚረባ ከብት ነው። የደጋው በሬ ግን ገለባና ቃርሚያ እየበላ ለዓመታት ያርሳል፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና አተላ የሚቀለበው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ወራት ነው። የዕድሜ ልክ መኖው ሁሉ በሥጋው ላይ ከተቆጠረ ሒሳቡ ይዛባል፤ ለጤፉና ለስንዴው የደከመበት ድርሻ ተቀናሽ መሆን ይገባዋል።

ትልቁ ክፍተት ያለው መንገድ ላይ ነው። በሬው ከገበሬ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ አድላቢ፣ ከዚያም ካራን ወደመሳሰለ የከብት ገበያ ሲተላለፍ ታሪኩ በየእጁ ይቀራል። የዚህ ዋጋ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት የአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት በጅምላ ታገዱ። የከብቱን መነሻ ማሳየት ያልቻለ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይፈረድበታል።

ሁለት በሬ ላለው ገበሬ ለብቻው መርማሪ ማምጣት አያዋጣም። ቡና ይህን በማኅበር ፈትቶታል። በ1991 ዓ.ም. እንደተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉት አባሎቻቸውን በቡድን ያስመዝናሉ። በቡድን ምዘና የማኅበሩ ተቆጣጣሪ አባላቱን ይጎበኛል፣ የውጭው መርማሪ ናሙና መርጦ ያጣራል። የአድላቢዎች ማኅበርም በዚሁ መንገድ ሊመዘን ይችላል። ልዩነቱ ቡና በጆንያ ይታሰራል፣ በሬ ግን በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ የጆሮ ቁጥሩ ከበረት ወደ ቄራ መዝገብ፣ ከቄራ ወደ ሥጋ ቤቱ ደረሰኝ መተላለፍ አለበት። አንዱ ጋ ከተቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት የሚናገረው ስለ ሌላ በሬ ሊሆን ይችላል።