ካቡልን በዱራሜ ማንበብ

ሩዙ አልበሰለም ብሎ ረሺድ ጠጠር ለቅሞ በሚስቱ በማሪያም አፍ ውስጥ ይጨምራል፤ አኝኪው ይላታል። ስትተፋው የሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ ስባሪ ከደም ጋር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውን የካሊድ ሆሴኒን «ሺህ ውብ ፀሐዮች» የጀመረ ሁሉ እዚህ ገጽ ላይ ቆም ሳይል አያልፍም።

ልቦለዱን በሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የዱራሜ ካምፓስ በጋራ የሚያነብ ክፍል አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ለሩቋ የካቡል ሴት ከንፈር መጥጦ መነሳት። ማሪያም ከእናቷ የወረሰችው የመቻል ትምህርት ግን «ቻል አድርጊው» እየተባለች ላደገች የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ ምኗ እንግዳ ነው?

ሆሴኒ የተዋጣለት ተራኪ ነው። በሦስተኛው ክፍል ምዕራፎቹን ለማሪያምና ለረሺድ ሁለተኛ ሚስት ለላይላ እያፈራረቀ ሲሰጥ፣ ጣውንቶቹ ከመጠላላት ተነስተው እናትና ልጅ እስኪመስሉ ድረስ አንባቢው ለውጡን ከሁለቱም ወገን ያየዋል። በመጨረሻ ማሪያም ባሏን በአካፋ ትገድላለች፤ ታሊባኖችም በጋዚ ስታዲየም ይገድሏታል። የአገዛዙ ጭካኔ በሚገባ ተስሏል። ጎረቤቱስ? በረሺድ ቤት ጉዳይ ገብቶ «ተው» የሚል ሽማግሌ የለም፤ በደሉ በአብዛኛው በአንድ ሰው ላይ ተከምሮ ከእሱ ጋር ይቀበራል። የመጽሐፉ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

ከምባታ ክፍተቱን የሚያጋልጥ የራሷ ታሪክ አላት። ውሃ ልቅዳ ብላ እየወጣች ተደብቃ ፊደል የቆጠረችው ቦጋለች ገብሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶጴ» የተሰኘውን ድርጅት ስትመሠርት ስብከት አላስቀደመችም። ሕዝቡ ድልድይ ያስፈልገናል አለ፤ ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በኋላ የማኅበረሰብ ውይይቱ መጣ፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት ተቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ጠለፋ በግልጽ የሚነጋገሩበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ በሕዝብ ፊት ተዳረች፤ ሙሽራውም እንዲህ ያለች ሴት በማግባቱ መደሰቱን በራሱ ደረት ላይ ጽፎ ነበር። ለልቦለድ ጸሐፊ ከአካፋው ይልቅ ይህ ሠርግ የበለጠ ከባድ ትዕይንት ይመስላል፤ ደም ሳይፈስ የመንደሩ ፍርድ ሲገለበጥ ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለምና። ቀድሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሴት ልጆች ያዳርስ የነበረው ግርዛት በአካባቢው ከ3 በመቶ በታች እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቧል። ይህ ማለት ሁሉም ቤት ሰላም ሆነ ማለት አይደለም፤ ጠጠር ሳይነሳም የሚሰበር ጥርስ አለ።

ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፋለች። በውይይቶቹ ከተቀመጡት እናቶችና ሽማግሌዎች ግን ዛሬም በዱራሜ ዙሪያ የሚገኙ አሉ። ስለዚህ የሆሴኒን መጽሐፍ ለክፍል የሚሰጡ መምህራን ከገጸ ባሕርይ ትንተናው ጎን ለጎን ተማሪዎቻቸውን ወደነዚህ ሰዎች ይላኩ፤ ያኔ መንደሩ ምን እንዳለና ማን አስቀድሞ እንደተናገረ ጠይቀው ይጻፉ።