ያረጀ ያማሃ ለመንገድ ሲዘጋጅ

በአርሲ ደጋ እጅ ለእጅ ከሚዘዋወሩ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች መካከል ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላቸው ናቸው፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ በየቀበሌው ሲያመላልሱ ኖረው በጨረታ የወጡም አሉባቸው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብር የሚያወጣው ለሞተሩ ድምፅና ለቀለሙ ነው። የሙያው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፦ በቅድሚያ የሚያቆመው፣ ቀጥሎ ሚዛን የሚያስይዘው፣ በመጨረሻ የሚያስኬደው። ይህን የሚያስገድደው መሬቱ ነው። የአርሲዋ ጎበሳ ከተማ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ የሚወረደው በቁልቁለት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ነዳጅ ሲቀነስበት እንደ ባለ አራት ምቱ ወደ ኋላ አይዝም። ቁልቁለቱ ላይ ሸክሙን ከሞላ ጎደል የሚወጣው ፍሬን ነው።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሊብሬው ይታያል። የሻሲ ቁጥሩ በመሪው አንገት ላይ ተመትቷል፤ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ይገኛል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር በአኃዝ በአኃዝ መመሳሰል አለባቸው። የተሞረደ ወይም በቦታው ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቁጥር ካለ ግዢው ይቅር።

ሥራው የሚጀመረው በእጥበት ነው፤ የዋልካ ጭቃ ከዘይት ጋር ሲደርቅ ስንጥቅ ይደብቃል። የታጠበ ሻሲ በባትሪ መብራት ይታያል፦ የመሪው አንገት፣ የእግር መርገጫው፣ ከሁሉ በላይ ጀሪካንና ኩንታል ሲሸከም የኖረው ፖርቶ መጋላ የተያዘበት ቦታ። ስንጥቅ የሚታወቀው ቀለሙ ላይ በሚወጣ ቀጭን የዝገት መስመር ነው። የፖርቶ መጋላው እግር ቢሰነጠቅ ብየዳ ይበቃዋል። አንገቱ የተሰነጠቀ ሞተር ግን በመንደር ብየዳ አይድንም፤ ለመለዋወጫ ቢሸጥ ይሻላል።

ጎማ ከጥርሱ ይልቅ በዕድሜው ይመዘናል። በጎኑ ላይ ከተጻፉት መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ዓመቱም የአውሮፓ ነው። 1215 የሚል ጎማ ነሐሴ 2015 የተሠራ መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነቱ የአውሮፓው 2015 ዓ.ም. 12ኛ ሳምንት፣ በእኛ መጋቢት 2007 ነው። ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ፀሐይ የመታው ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ጎማው ሲቀየር ካላማዳሪያውም አብሮ ይቀየራል። ራጂዎቹ አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ ይመታሉ፦ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ይደነዝዛል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል።

ፍሬኑ ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል። ታምቡሩ ሲከፈት የሚገኘው አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋም፤ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መቀየር አለበት። ቅባት የጠጣ ሸራ ግን ውፍረቱ ቢተርፍም ተቃጥሎም ታጥቦም አይመለስም። ሸራዎቹን የሚከፍተው የብረት ዘንግ ደርቆ ከተጣበቀ ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ይወጣል፣ ይጸዳል፣ ጥቂት ግሪስ ይቀባል። ግሪሱ ከበዛ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የተለመደ ማታለያ አለ። ሸራው ሳስቶ ማስተካከያው ሲያልቅ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ክንድ ተነቅሎ በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለጊዜው ፍሬኑ አዲስ ይመስላል። ነገር ግን ዘንጉ ከልኩ በላይ ይዞር ጀመር ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ አጥብቀው ሲይዙት ሊገለበጥና ጎማውን ቆልፎ ሊቀር ይችላል። የኋላ ታምቡሩ ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው ዘንግም በኮፒሊያ ምትክ በተጠመዘዘ ሽቦ ታስሮ ይገኛል፤ የኮፒሊያ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና ሽቦው ወዲያው ይቀየር። የፊት ፍሬን ካቦ በአብዛኛው የሚበጠሰው እጀታው ውስጥ፣ ዐይን በማያየው ቦታ ነው። አንድ ክሩ የተበጠሰ ካቦ ይጣላል።

የመሪውን ኩሽኔታ ለመመርመር ፊተኛው ጎማ ከመሬት ይነሣና መሪው በሁለት ጣት ቀስ ተደርጎ ከጫፍ ጫፍ ይዞራል። በሁሉም ቦታ እኩል መንሸራተት አለበት። መሐል ላይ ሲደርስ እንደ ጎድጓዳ የሚይዘው ነገር ካለ ኳሶቹ መቀመጫቸውን በልተውታል፤ ያ ሞተር በፍጥነት ላይ ይዋልላል። ካቴናው ከፒኞኑና ከኮሮናው ጋር ሦስቱም በአንድነት ይቀየራሉ፤ አዲስ ካቴና የተሳለ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

የሞተሩ ተራ አሁን ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው አውቶሉብ የተባለው ፓምፕ ከተለየ ጋን ዘይት ያደርሳል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ፓምፑ አየር ይይዝና ፒስተኑ ይነክሳል። ፓምፑ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በ1 ሊትር ቤንዚን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት መቀላቀል ያዋጣል፤ ጭሱ ይበዛል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል። የመኪና ዘይት አይተካውም።

በጎበሳ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ነዳጅ የሚለካውን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ መተካት ነው፤ ግን በአንድ ደረጃ ብቻ። ለጎበሳ ከፍታ ተብሎ በጣም የጠበበው፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዳማ ሲወርድ ቤንዚን ያንስበትና ፒስተኑ ይቃጠላል። የካንዴላው ጫፍ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል፤ ከነጣ ቀዳዳው ሰፋ ይደረግ።

መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ ብዙ አያስቸግሩም። አንዳንዶቹ የድሮ ሞተሮች ባለ 6 ቮልት በመሆናቸው የ12 ቮልት አምፖል የተገጠመባቸው መብራታቸው መንገድ አያሳይም፤ ሰው ግን ጥፋቱን በባትሪው ያሳብባል።

የመጀመሪያው ሙከራ በሜዳ፣ ያለ ጭነት ይደረጋል። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ውሃ የገባበት ታምቡር ለጊዜው አይዝም፤ ፍሬኑን በቀስታ ይዞ እየነዱ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ ከሙከራው ከተመለሰ በኋላ ራጂዎቹና ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ፤ አዲስ የታሰረ ነገር በመጀመሪያው ጉዞ ይላላል። የቀረው ወረቀት ነው፦ ምርመራውን አልፎ ቦሎ መለጠፍ፣ የሦስተኛ ወገን መድን መግባት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መድኑ የሌለው ተሽከርካሪ፣ ሞተር ሳይክልም ቢሆን፣ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም።