ሥዕልና ስፍራው፤ በፍሎሬንስ ከተማ ስላየናቸው ቅዱሳት ሥዕሎች

በኮሌጃችን ተማሪዎች መካከል በየጊዜው የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት የጥንት ሥዕሎቻችን ከዝናብ፣ ከጢስና ከሌባ እንዲድኑ ወደ ቤተ መዘክር ይሰብሰቡ ወይስ ባሉበት ይቅሩ የሚል ነው። እኛ ይሰብሰቡ ከሚሉት ወገን ነበርን። ወደ ኢጣልያ ሄደን ፍሎሬንስን ስንጎበኝ ግን ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድመን የገባነው ኡፊትሲ ወደ ተባለው ቤተ መዘክር ነው። ጆርጆ ቫዛሪ በ1560 ያስጀመረው ይህ ሕንጻ የታሰበው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙም ይህንኑ ያመለክታል። በአንዱ ክፍል ውስጥ ሦስት ትልልቅ የእመቤታችን ሥዕሎች ቆመዋል፤ እኛ ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለው ዓይነት ናቸው። የቺማቡዌ፣ የዱቾና የጆቶ ሥራዎች ሲሆኑ፣ የተሠሩት ለሦስት ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ነው። እውነቱን ለመናገር በየስፍራቸው ቢቀሩ ኖሮ ብዙ ነገር ባመለጠን ነበር። በቺማቡዌ ሥዕል መላእክቱ በዙፋኑ ግራና ቀኝ እንደ መሰላል አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ ጆቶ ግን በ1310 ገደማ ድንግልን ጉልበቷ ከልብሷ በታች የሚታወቅ፣ ክብደት ያላት ሴት አድርጎ አስቀምጧታል። ይህን ለማነጻጸር የቻልነው ሦስቱ ባንድ ጣሪያ ሥር በመገናኘታቸው ነው።

የዱቾ ሥዕል ዘንድ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ጎደለብን። ቁመቱ አራት ሜትር ተኩል የሚያህለውን ይህን ሥዕል በ1285 ያሠሩት፣ በሳንታ ማርያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን እየተሰበሰቡ ለማርያም ምስጋና የሚዘምሩ ማኅበርተኞች ነበሩ። ሥዕሉ ሊሰማ የተሠራለት ዜማ ነበረ ማለት ነው። አሁን በዙሪያው የሚሰማው የጫማ ኮቴና የአስጎብኚዎች ድምፅ ነው። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ የሠዓሊውን ስምና ዘመኑን ይነግረናል፤ ሰዎቹ በፊቱ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ግን ከዚያ ክፍል ሆኖ መገመት ያስቸግራል።

በማግሥቱ ሳን ማርኮ ወደ ተባለው ገዳም ሄድን። ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ በገንዘቡ ለዶሚኒካውያን መነኮሳት ያሳደሰው ነው፤ የግድግዳውን ሥዕሎች የሠሩት ፍራ አንጀሊኮና ረዳቶቹ ሲሆኑ፣ እርሱ ራሱም ከዚያው ማኅበር መነኩሴ ነበር። ወደ በአቶቹ የሚያወጣውን ደረጃ ስንጨርስ ብሥራተ ገብርኤል ፊት ለፊት ተቀበለን። ከሥዕሉ በታች በላቲን የተጻፈው ቃል የሚያልፈውን ሰው በዝምታ እንዳያልፍ፣ የመልአኩን ሰላምታ እንዲያደርስ ያስጠነቅቃል። ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብሎ ጀመረ። በኡፊትሲ እንዲህ ያለ ነገር በማናችንም ላይ አልደረሰም።

በአቶቹ ጠባብ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ሥዕል አለ። በሰባተኛው በአት ክርስቶስ ዐይኑ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የሚመቱት እጆችና ምራቅ የሚተፋው ራስ ብቻቸውን፣ አካል ሳይኖራቸው በአየር ላይ ይታያሉ። እመቤታችንና ቅዱስ ዶሚኒክ ከታች ተቀምጠዋል፤ ወደ እርሱ አይመለከቱም፤ ዶሚኒክ መጽሐፍ ያነባል። ይህን ሥዕል ቀድሞ በመጽሐፍ አይተነው ሠዓሊው ሳይጨርሰው የቀረ መስሎን ነበር። በበአቱ ውስጥ ስንቆም ግን ስሕተቱ የኛ መሆኑን አወቅን። የጎደለውን አካል የሚሞላው ብቻውን የሚጸልየው መነኩሴ ነው፤ የሚያነበውም ዶሚኒክ እንዴት እንደሚያስብ ያሳየዋል። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ በቀን አራት ቤተ መዘክር ለማዳረስ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ እኛ ግን በዚህች ክፍል ዘግይተን ምሳ አመለጠን።

ሆኖም ሳን ማርኮም ከ1869 ጀምሮ ቤተ መዘክር መሆኑን መርሳት አይገባም። የምንገባው ቲኬት ቆርጠን ነው፤ በበአቶቹም የሚያድር መነኩሴ የለም። ሥዕሎቹ ከስፍራቸው ያልተለዩት ከግድግዳው ጋር አንድ ስለ ሆኑ ነው። በሌላም በኩል ቤተ መዘክር ሁልጊዜ መጠጊያ አይሆንም። የአርኖ ወንዝ በኅዳር ወር 1966 ሲሞላ፣ በሳንታ ክሮቼ ቤተ መዘክር የነበረው የቺማቡዌ ስቅለት አብዛኛው ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጎንደር ካለው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ በ1932 ሥዕሎቹን ከግድግዳው አንሥቶ ወስዷል፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። የጥንቶቹ ሥዕሎች የሚገኙት በፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ነው። ይሰብሰቡ ለሚሉት ወንድሞቻችን ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ማንኛውም ሥዕል ከስፍራው ከመነሣቱ በፊት በየትኛው ግድግዳ እንደ ነበረ፣ መጋረጃው በየትኛው በዓል እንደሚገለጥለትና ምን እንደሚዜምለት ከካህናቱ ተጠይቆ ይጻፍ፤ ጽሑፉም ከሠዓሊው ስም በላይ ይለጠፍ።