«ደመረ»ን ይዞ ወደ ኪዳነ ወልድ መዝገብ

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገብ፣ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ለመመዘን፣ ሁሉም አውቀዋለሁ የሚለውን አንድ ቃል ይዞ መግባት ይበቃል። እኔ «ደመረ»ን መረጥሁ። ተማሪ በሒሳብ ደብተሩ ይደምራል፤ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይደመራል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «መደመር» የፖለቲካ ቃል ሆኖ በ2012 ዓ.ም. የመጽሐፍ ርእስ ለመሆን በቅቷል። ቃሉ በየአፉ ሲበዛ ትርጉሙ ሳስቶብናል የሚል ስጋት አለኝ።

በግእዙ «ደመረ» ለቁጥር ብቻ የተሰጠ ግስ አይደለም። ማጣመር፣ ማደባለቅ፣ ማገናኘት፣ አንዱን በሌላው ላይ መጨመር ሁሉ በእሱ ይነገራል። ወንድና ሴት መገናኘታቸውም «ተደመረ» ይባላል፤ በመጽሐፈ ሄኖክ ከሰማይ የወረዱት መላእክት ከሰው ልጆች ሴቶች ጋር የፈጸሙት በዚሁ ግስ ተጽፏል። የመስቀሉ ደመራም ከዚሁ ሥር ነው፤ እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ችቦ ከሌላው ጋር ያቆመዋል።

የመዝገቡ ትልቅ ጥበብ ቃላትን በየሥራቸው መሰብሰቡ ነው። አንባቢ «ትድምርት»ን ሊፈልግ ወደ «ተ» ቢሄድ አያገኘውም፤ «ደመረ» ዘንድ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጧል። ይህ አድካሚ ነው፤ ግን ዝምድናውን ያስተምራል። ዝምድናው ሲታወቅ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል፤ ልዩነቱም ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመለኮትንና የሥጋን አንድነት ስታስተምር «ተዋሕዶ» ትላለች፤ «ቱሳሔ»ንም «ትድምርት»ንም አትቀበልም። ቱሳሔ መቀላቀል ነው፤ በተቀላቀሉ ነገሮች ዘንድ የየራሳቸው ጠባይ አይጸናም። ትድምርት መደረብ፣ መጨመር ነው፤ በእሱ ዘንድ ሁለትነቱ እንዳለ ይቀራል። ሊቃውንቱ በእነዚህ ቃላት መካከል ያለውን ስንዝር መሬት ለዘመናት ሲጠብቁ ኖረዋል። ዛሬ ግን «ድብልቅ»፣ «ቅይጥ»፣ «ጥምር» እና «ድምር» ሁሉም እኩል እንደሆኑ አድርገን እንጽፋለን። ይህን መዝገብ የማከብረው ከዚህ ስንፍና የሚያነቃ ስለሆነ ነው።

መጽሐፉ ራሱ የሦስት ትውልድ ድካም ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ኢየሩሳሌም ሳሉ ሥራውን ለኪዳነ ወልድ አወረሱ። ኪዳነ ወልድም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ትተው ሄዱ። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። አደራ የማይበላበት እንዲህ ያለ ታሪክ በመጻሕፍታችን ዘንድ ብዙ አይገኝም።

ሙግቴ ከፊደል ተራው ይጀምራል። ኪዳነ ወልድ «ሀለሐመ»ን ትተው መዝገቡን በ«አበገደ» አሰለፉት፤ ጥንተ ነገሩ ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ «ደ» ከ19ኛ ቦታዋ ተነሥታ አራተኛ ላይ ትገኛለች። እምነታቸው ከዕብራይስጥና ከሱርስጥ ትምህርታቸው የመጣ ነው፤ በዘመናቸው ምክንያታዊ ነበር። ኋላ ግን «ሀለሐመ»ም እጅግ ጥንታዊ እንደሆነ ታውቋል፤ በደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎች ላይ ይገኛል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ በተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ላይም ታይቷል። አንባቢው ከልጅነቱ የለመደውን ተራ ያሳጣው ክርክር እንግዲህ የቆመበት መሠረት ተናግቷል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይብሳል። መዝገቡ የቃሉን ሥርና ዘመድ ይነግረናል፤ የተጓዘበትን መንገድ ግን አያሳይም። በግእዝ ማደባለቅንም ማገናኘትንም ያቅፍ የነበረው «ደመረ» በአማርኛ እንዴት በቁጥር ላይ እየጠበበ መጣ? በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ጽሑፍ? መልስ የለም። የዲልማን የ1865 እ.ኤ.አ.፣ በላቲን የተተረጐመ የግእዝ መዝገብ እያንዳንዱን ትርጉም በጽሑፍ ምስክር ለማስደገፍ ይተጋል፤ የሌስላው የ1987 እ.ኤ.አ. የግእዝ መዝገብ ደግሞ ንጽጽሩን እስከ ኩሽ ቋንቋዎች ያሰፋዋል። ኪዳነ ወልድ ሁለቱም የሌላቸው ነገር አላቸው፦ ቃሉን ከመምህር አፍ ሰምተው፣ በዜማና በትርጓሜ ቤት ኖረውበት ጽፈዋል። አማርኛቸው ጨው አለው፤ የ«ሀ»፣ የ«ሐ» እና የ«ኀ» ልዩነት ሲጣስ አይታገሡም፤ እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የአማርኛውን ጎን ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሞልተውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ከባድ ጥራዝ ገልጦ አንድ ቃል የሚከታተል ተማሪ ስንት ነው? የሚያስፈልገው አዲስ እትም ይታየኛል፦ የአለቃ ጽሑፍ ሳይነካ፣ በመጨረሻው በ«ሀለሐመ» ተራ ማውጫ ተጨምሮለት፣ «ትድምርት» ያለ ሰው በቀጥታ ወደ «ደመረ» የሚመራበት፣ ከየትርጉሙም ጎን ቃሉ የተገኘበት መጽሐፍ የሚጠቀስበት። ይህን ለመሥራት ግእዝ የሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የአብነት ትምህርት ቤቶች በአንድ ገበታ መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ እስካሁን የየብቻቸውን ሲሠሩ ነው የማየው።