ኬቨንን ያዳነው ማን ነው?

«ሆም አሎን» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ቤተሰቡ ለገና ፓሪስ ሲሄድ ቤት ረስቶት የሄደው የ8 ዓመቱ ኬቨን ሁለት ሌቦችን በወጥመድ ያሰቃያቸዋል።

ሃያሲው ሮጀር ኢበርት ታሪኩ የማይታመን ነው ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደደው፤ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

እኛም ስቀናል። ግን ልብ በሉ፦ ያ ሁሉ ወጥመድ አልፎ ሌቦቹ ልጁን ይይዙታል። የሚያድኑት ጎረቤቱ ሽማግሌ ማርሊ ናቸው፤ ያውም ገዳይ ናቸው ተብሎ በወሬ ብቻ ይፈራቸው የነበሩት። ፍርሃቱ የለቀቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ተቀምጠው ሲያወሩ ነው።

ያለ ወላጅ ካምፕ የገቡ ተማሪዎች አሉን፤ ለነሱ ብቻ መቅረት ጨዋታ አይደለም። ስለዚህ መምህራን፣ ፊልሙን ስታሳዩ ከወጥመዱ ይልቅ ስለ ሽማግሌው አወያዩ። ተማሪዎችስ፣ በወሬ ብቻ የምትሸሹት ጎረቤት የለም ወይ?